የመኪናው ናቪጌሽን ወይስ የስልኩ? መሃል አዲስ አበባ ለሚነዱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከፒያሳ እስከ መስቀል አደባባይ፣ ከሜክሲኮ እስከ ካዛንቺስ የሚነዱ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

የመኪናው ናቪጌሽንና የስልኩ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ያላችሁበትን ቦታ በማወቅ በኩል ብዙም አይለያዩም። ሁለቱም ሳተላይት ነው የሚያዳምጡት። የአሜሪካው ጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብለው ይዞራሉ። የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮና የቻይናው ቤይዱም አሉ። ስልካችሁ አዲስ ከሆነ ከአንድ በላይ የሆኑትን ባንድ ጊዜ ይሰማል። ለዚህ ክፍያ የለም፣ ኢንተርኔትም አያስፈልግም።

የሚለያዩት በካርታው ነው። የመኪናው ካርታ በዲቪዲ፣ በሃርድ ዲስክ ወይም በኤስዲ ካርድ ተጭኖለት የመጣ ነው። ካላደሱት እዚያው በተጫነበት ዓመት ላይ ይቀራል። የስልኩ ግን ከኢንተርኔት እየታደሰ ይሄዳል። በሌላ በኩል የመኪናው ስልክ የሌለው አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ የጎማውን ፍጥነት ያውቃል። ይህ የት እንደሚጠቅም ወደታች ሜክሲኮ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ዝርዝሩ ይቅርብኝ፤ የቱን ልጠቀም?

መሃል ከተማ ውስጥ ስልኩን።

ስክሪኑ ትልቅ፣ ድምፁ ጥሩ ስለሆነ ብቻ በመኪናው አትታለሉ። መኪናችሁ ስልክ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ መምረጥም አያስፈልጋችሁም። የአፕል ካርፕሌይ ከ2014፣ አንድሮይድ አውቶ ከ2015 (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ ያሉ ነገሮች ናቸው። የስልካችሁ ካርታ በመኪናው ስክሪን ላይ ይወጣል፣ ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል።

መኪናዬ ከጃፓን የመጣ ቪትዝ ነው። ናቪጌሽኑ ላይ የኢትዮጵያ ካርታ ይጫንልኛል?

አልመክርም። ከጃፓን በቀጥታም ሆነ በዱባይ በኩል ከመጡ መኪኖች ብዙዎቹ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ናቸው። ካርታቸው ጃፓንን ብቻ ነው የሚያውቀው። ቋንቋውም ጃፓንኛ ነው፤ ምናሌው ውስጥ ገብቶ እንግሊዝኛ ፍለጋ ብዙውን ጊዜ ከንቱ ድካም ነው። ሬዲዮውም ያው ነው። የጃፓን ኤፍ ኤም ለረጅም ጊዜ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ ስለነበረ፣ ቴፑ ሸገር 102.1ን ለመያዝ ኮንቨርተር ይለምናል። ሬዲዮው እንኳን አገሩን ያልለቀቀ ቴፕ አራት ኪሎን እንዲያውቅ መጠበቅ ትንሽ ይበዛበታል።

እኔም አንድ ቪትዝ ነበረችኝ። ጠዋት ቁልፉን ባዞርኩ ቁጥር አንዲት ሴት በጃፓንኛ ረጋ ብላ አንድ ነገር ትናገራለች። ዓመት ሙሉ «እንደምን አደርክ» የምትለኝ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጃፓንኛ የሚችል ሰው አሳፈርኩና ጠየቅሁት። ለካ «የክፍያ መንገድ ካርድዎን አላስገቡም» ነው የምትለው። እዚያ አገር ፈጣን መንገድ ላይ ሳይቆሙ የሚከፍሉበት መሣሪያ ነው። ናቪጌሽኑም ከዚያ የተሻለ አልጠቀመኝም፤ ባዶ ስክሪን ላይ አንዲት ቀስት ስትዞር ትውላለች።

ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ ከተመለሰባችሁ ደግሞ ባትሪውን ብቻ አትጠርጥሩ። ጂፒኤስ ሳምንታትን የሚቆጥረው እስከ 1,024 ድረስ ነው፤ ከዚያ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ይህ ሃያ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ይሆናል ማለት ነው። መጨረሻ የዞረው በ2019 (እንደ ፈረንጆቹ) ነው። ሶፍትዌሩ ያልታደሰ አሮጌ መሣሪያ ያኔም ሆነ ከዚያ በኋላ ቀኑ ሊምታታበት ይችላል። መኪናው ላይ ሌላ ችግር አያመጣም።

የስልኩ ናቪጌሽን ዳታ ይጨርሳል?

ሰው እንደሚፈራው አይደለም። መንገድ ሲመራችሁ የሚወስደው በሰዓት ጥቂት ሜጋባይት ነው። ዳታችሁን የሚበላው ሌላ ነው፦ በሳተላይት ፎቶ የሚታየው ካርታ፣ ከጀርባ ክፍት የቀረ ቪዲዮ፣ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅ። ካርታውን ወደ ተራው ገጽታ መልሱት፤ ሳተላይቱ ያምራል እንጂ ለነጂ አይጠቅምም።

ኔትወርክ ሲጠፋስ መንገድ ላይ እቀራለሁ?

አስቀድማችሁ ካርታውን ካወረዳችሁ አትቀሩም። ጎግል ማፕስ ላይ የራሳችሁን ፎቶ ንኩ፣ ከኢንተርኔት ውጪ የሚሠሩ ካርታዎች የሚለውን ምረጡ፣ ሳጥኑን አዲስ አበባን እስኪሸፍን ዘርጉና አውርዱ። ዋይፋይ ባለበት አድርጉት። የወረደው ካርታ የጊዜ ገደብ ስላለው አልፎ አልፎ ማደስ አለባችሁ። ከኢንተርኔት ውጪ ስትሆኑ የመኪና መንገድ ይመራችኋል፤ ቀይና አረንጓዴው የትራፊክ ቀለም ግን አይኖርም።

እኔ በተጨማሪ ኦርጋኒክ ማፕስን ስልኬ ላይ አኖራለሁ። ከመነሻው ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ የታሰበ ነው። ካርታው ከኦፕን ስትሪት ማፕ የሚመጣ ነው፤ ማንም ሰው ገብቶ የሚያርመው፣ በ2004 (እንደ ፈረንጆቹ) የተጀመረ የጋራ ካርታ። አንዳንድ ጊዜ ጎግል ያላየውን የሰፈር ውስጥ መንገድ እዚያ አገኛለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የመኪናው ናቪጌሽን ኢንተርኔት አለመፈለጉ ትልቅ ጥቅሙ ነበር፤ ካርታ ማውረድ ከተቻለ ወዲህ ግን ስልኩም ያንኑ ያደርጋል።

ስልኬ ሲመራኝ ይግላል፣ ቻርጁም እየተሰካ ይወርዳል። ለምን?

ስክሪኑ ሙሉ ብርሃን ላይ ነው፣ ጂፒኤሱ እየሠራ ነው፣ ከላይ ደግሞ ፀሐይ በመስታወት በኩል ትመታዋለች። የመኪናው አሮጌ ዩኤስቢ ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ግማሽ አምፒየር ብቻ ነው፤ ስልኩ ከዚያ በላይ ያወጣል። የሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካ፣ 2 አምፒየር ወይም ከዚያ በላይ የሚሰጥ ቻርጀር ግዙ። ርካሹ ገመድም ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል፤ ቀይሩና ሞክሩ።

የስልክ መያዣውን የንፋስ ማውጫው ላይ አድርጉት። መስታወቱ ላይ ከለጠፋችሁት ፀሐይ ያጠፋዋል፣ እይታችሁንም ይጋርዳል። አይፎን እስከ 35 ዲግሪ ባለ አየር እንዲሠራ ነው የተዘጋጀው። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከዚያ ሲያልፍ ጊዜ አይወስድበትም፣ አዲስ አበባም ቢሆን።

ስልክ በእጄ ይዤ ካርታ ባይ ትራፊክ ይቀጣኛል?

አዎ። እያሽከረከሩ ስልክ በእጅ መያዝ የተከለከለ ነው። «ካርታ እያየሁ ነው» የሚለው መልስ ትራፊኩን አያሳምነውም፤ እውነቱን ለመናገር እኔንም አያሳምነኝም። መነሻችሁ ላይ ሆናችሁ መድረሻውን ጻፉ፣ ድምፁን ክፈቱ፣ ከዚያ አትንኩት።

ሌላው ነገር ሌባ ነው። መብራት ላይ መስኮት ከፍቶ ስልክ መሪው ላይ ደገፍ አድርጎ ካርታ የሚያይ ሰው ለሞጭላፊ የተዘጋጀ ድግስ ነው። አንድ ጓደኛዬ ስታዲየም አካባቢ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ሳለ ስልኩን ከመያዣው ነቅለውበት ሄደዋል። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ከኋላው ክላክስ ይነፋል፣ እሱ ካርታ የለውም። እዚህ ላይ የመኪናው ስክሪን ያሸንፋል፤ ማንም ነቅሎት አይሮጥም። መያዣችሁን ከመስኮቱ ራቅ አድርጋችሁ መሃል ላይ ትከሉት፣ መብራት ላይ መስታወት ዝጉ።

የቦታውን ስም ስጽፍ አያገኘውም። ካርታው ነው ወይስ እኔ?

ሁለታችሁም። የከተማችን ሰው ቦታ የሚጠራው በመንገድ ስም አይደለም። አፍሪካ ጎዳና ብትሉ ብዙ ሰው «የቱ ነው?» ይላችኋል፤ ቦሌ መንገድ ስትሉት «እህ!» ይላል። ደጎል አደባባይን ፒያሳ እንለዋለን። ምኒልክ አደባባይ ደግሞ ጊዮርጊስ ነው። ከዚህ በላይ የሚያስቸግረው በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ነው። ፒያሳ በአንድ ኤስም በሁለት ኤስም በዜድም ይጻፋል። ካዛንቺስ አንዱ ጋ በዜድ፣ ሌላው ጋ በኤስ ነው። አራት ኪሎን በፊደል ስትጽፉት አላገኝም ያለ ካርታ፣ በቁጥር 4 ብላችሁ ኪሎ ስትጨምሩበት ያመጣዋል። ስልኩ ላይ በአማርኛም ሞክሩ። የመኪናው ናቪጌሽን ግን በፋብሪካ የገባለትን ፊደል ካልጻፋችሁለት አንድ ስንዝር አይንቀሳቀስም። ስልኩ ይገምታል፣ የመኪናው አይገምትም።

ስለዚህ ስም መጻፉን ተዉትና «ሎኬሽን ላክልኝ» በሉ። በቴሌግራም የመጣውን ፒን (ቦታውን ካርታ ላይ የሚያሳየውን ምልክት) ስትነኩት ካርታው ይከፈታል፣ አለቀ። መኪናው ላይ መጠቀም ካለባችሁ የፒኑን ቁጥሮች ማስገባት የሚቀበል ዓይነት መሆኑን እዩ። መስቀል አደባባይ በግምት 9.01 ሰሜን፣ 38.76 ምሥራቅ ላይ ነው። ነገር ግን ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ብቻ ከጻፋችሁ ስህተቱ እስከ ኪሎ ሜትር ሊጠጋ ይችላል። አራት አሃዝ ስትጽፉ ወደ አሥር ሜትር ይወርዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፒን የሚልክላችሁ ሰው ቤቱ ውስጥ ሆኖ ከላከ ፒኑ ከጀርባው ያለው መንገድ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ናቪጌሽኑ «ደርሰዋል» ሲላችሁ ከፊታችሁ አጥር ነው፤ በሩ በሌላው ሰፈር በኩል ነው። የራይድና የፈረስ ሹፌሮች ፒን እያዩ እንኳ «የት ጋ ነዎት?» ብለው የሚደውሉት ለዚህ ነው። በር ላይ ወጥታችሁ ላኩ።

ናቪጌሽኑ የሌለ መንገድ አሳየኝ፣ ያለውን ደግሞ አላየውም። ምን ነካው?

ከተማው ነው የተነካው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ከዚያም ካዛንቺስ ላይ ቤቶች ፈርሰዋል፣ መንገዶች ሰፍተዋል፣ መታጠፊያዎች ተዛውረዋል። ከዚያ በፊት የተጫነ የመኪና ካርታ ያላችሁ ከሆነ የምትነዱት በድሮዋ ፒያሳ ነው። የማናውቃት አይደለችም፣ ግን የለችም።

ስልኩም ከስህተት አያመልጥም። ልዩነቱ ስህተቱ ሊታረም መቻሉ ነው። ጎግል ማፕስ ላይ የተሳሳተውን መንገድ ተጭናችሁ ይዛችሁ ማስተካከያ መላክ ትችላላችሁ። ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ራሳችሁ ትሥሉታላችሁ። እኔ አንዲት የተዘጋች መታጠፊያ ላኩ፣ ከቀናት በኋላ ተስተካክላ አየኋት። ዕጣ ነው፤ ሌላ የላክሁት እስካሁን እንደነበረ ነው። የመኪናው ካርታ ላይ ግን ተቆጥታችሁ መሪውን ከመምታት ውጪ የምታደርጉት የለም።

ለመኪናው የካርታ ማደሻ እንሽጥላችሁ የሚሉ አሉ። ከመክፈላችሁ በፊት በስክሪኑ ላይ ካዛንቺስን ያሳዩአችሁ። አዲሱን መንገድ ካላያችሁ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱ።

እሁድ ወይም በዓል ቀን የተዘጋ መንገድ ውስጥ የሚያስገባኝ ለምንድን ነው?

የትራፊኩ ቀለም የሚመጣው መንገድ ላይ ካሉ ስልኮች እንቅስቃሴ ነው። ስልኮቹ ቀስ ካሉ መንገዱ ቀይ ይሆናል። መንገዱ ተዘግቶ አንድም ስልክ ከሌለበት ካርታው ባዶ ነው ብሎ ሊያስብና ሊልካችሁ ይችላል። ለመስከረም 16 ደመራ መስቀል አደባባይ፣ ለጥር 10 ከተራ ጃን ሜዳና ስድስት ኪሎ፣ በኅዳር ለታላቁ ሩጫ፣ በየካቲት ደግሞ ለአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ እንግዶች መንገድ ይዘጋል። የመኪናው ናቪጌሽን ይህን ከነጭራሹ አያውቅም። ስልኩ አንዳንዴ ያውቃል፣ አንዳንዴ አያውቅም። በእነዚህ ቀናት ዋዜማ ሬዲዮ ክፈቱ፤ የትኛው መንገድ ከስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ፖሊስ አስቀድሞ ያስነግራል።

አዲስ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ይዣለሁ። ስክሪኑ ትልቅ ነው፣ ለምን አልጠቀምበትም?

በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቶብኛል። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ከሆነ ታሪኩ የቪትዝዋ ነው፣ ስክሪኑ ብቻ አደገ። ካርታው የቻይና ነው፣ ገጹም ቻይንኛ። አንዳንዶቹ ላይ ካርፕሌይም የለም። ለሌላ አገር ገበያ ተሠርቶ የመጣ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱና ሻጩ ፊት ሰክታችሁ ሞክሩ። «ይሠራል» የሚለውን ቃል ሳይሆን ካርታችሁን ስክሪኑ ላይ እዩ።

ኤሌክትሪክ ላይ ግን መኪናው ከስልኩ የሚበልጥበት ቦታ አለ። የባትሪውን መጠን ያውቃል፤ ያልተገናኘ ስልክ አያውቅም። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስትወጡ ቻርጁ ይወርዳል። ስትመለሱ ቁልቁለቱ ጥቂቱን ይመልስላችኋል። ስልኩ «ደርሰህ መመለስ ትችላለህ» ብሎ አይነግራችሁም፤ ያንን ከዳሽቦርዱ አንብቡ።

አንድሮይድ ቴፕ (እንደ ስልክ አፕ የሚጫንበት የመኪና ስክሪን) ባስገባ ሁሉም ችግር ይፈታል?

ግማሹ። ስክሪኑ ትልቅ ይሆናል፣ ስልኩ ከሌባ ይድናል። ግን ኢንተርኔቱን አብዛኛውን ጊዜ ከስልካችሁ በሆትስፖት ነው የሚያገኘው። የጂፒኤስ አንቴናው ደግሞ ለብቻው የሚመጣ ትንሽ ጥቁር ነገር ነው። ገጣሚው ቸኩሎ ከቴፑ ጀርባ ብረት መሃል ከቀበረው ቀስቷ ሰፈር ለሰፈር ትዘላለች። አንቴናውን ዳሽቦርዱ ላይ፣ መስታወት ሥር እንዲያወጣው አሳስቡት። ሲገጥም አጠገቡ ቁሙ፣ ቡና ልጠጣ ብላችሁ አትሂዱ።

ዋጋው ርካሽ የሆነው ዓይነት ሜሞሪው ትንሽ ነው፤ ካርታው መታጠፊያው ካለፈ በኋላ «ወደ ቀኝ ይታጠፉ» ይላችኋል። እንዲህ ያለውን ከመግዛት ጥሩ የስልክ መያዣና ጥሩ ቻርጀር እመርጣለሁ።

ሜክሲኮና ለገሃር ጋ ስደርስ ቀስቷ ለምን ትጠፋለች?

ይህ ከሁሉም ከበድ ያለው ነው። የከተማው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ ሲጀምር ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ እንዲጋሩ ሆኖ ነው፤ ሐዲዱም በኮንክሪት ድልድይ ላይ ይሄዳል። መኪና ደግሞ ከሥሩ። ድልድዩ ሰማዩን ይጋርዳል። አጠገቡ የባንክና የኢንሹራንስ ፎቆች አሉ፤ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የንግድ ባንክ ሕንፃ ብቻ ከ200 ሜትር በላይ ነው። የሳተላይቱ ምልክት የፎቆቹ መስታወት ላይ ነጥሮ ይመጣል። ስልኩ ነጥሮ የመጣውን እንደ ቀጥተኛው ቆጥሮ ከጎን ወዳለው መንገድ ያዛውራችኋል።

የፋብሪካ ናቪጌሽን እዚህ ጎበዝ ነው። ሳተላይት ቢጠፋበትም ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ፣ መኪናው ወዴት እንደዞረ እየቆጠረ ቦታውን ይይዛል። የአገራችን ካርታ ቢኖረው ኖሮ ሜክሲኮ ላይ የሚያሸንፈው አልነበረም። ስልክ የያዛችሁ ከሆነ ድልድዩ ሥር ከመግባታችሁ በፊት ቀጣዩን መታጠፊያ በቃላችሁ ያዙ። ቀስቷ ስትዘል «መንገድ እየቀየርኩ ነው» ብትላችሁም አትስሟት፤ ሰማይ ስታይ ትመለሳለች። የመስቀል አደባባይ የምድር ውስጥ ፓርኪንግ ስትወጡም እንዲሁ፣ ጥቂት ሜትር ነድታችሁ ጠብቋት።

ስልኩ አንድ፣ መኪናው ሌላ፣ መንገድ ዳር ያለው ሰው ሦስተኛ ነገር ቢሉኝስ?

ትራፊክ ፖሊስ እጁን ካነሳ እሱን ስሙ። ቀጥሎ ዓይናችሁንና ምልክቱን። ከዚያ ሰውየውን። ስልኩ አራተኛ ነው፣ አሮጌው የመኪና ካርታ መጨረሻ።

ሰው ስትጠይቁ ግን መኪና የሚነዳ ሰው ምረጡ፤ የታክሲ ሹፌር፣ የላዳ ሹፌር። እግረኛ ቅርቡን ያውቃል እንጂ መኪና የሚያስገባውን አያውቅም። ባለፈው ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ላይ ስሄድ ስልኬ ዞሬ እንድመለስ ነገረኝ። አንድ ሊስትሮ ጠየቅሁ። ብሩሹን ወደ ላይ ቀስሮ «ጋሼ፣ ምን አዞረህ፣ በዚህ ቀጥ ብለህ ውጣ» አለኝ። ወጣሁ። ሃምሳ ሜትር ሳልሄድ መንገዱ አለቀና ደረጃ ሆነ። ልጁ ከታች ሆኖ ደረጃውን አሁንም በብሩሹ ያሳየኛል።